ባለ አምስት ፊደል ቃል ፍለጋ

አምስት ባዶ ሳጥን። የተደበቀ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል። መገመት የሚቻለው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። የገመትነው ፊደል በትክክለኛ ቦታው ካረፈ አረንጓዴ ይሆናል። በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ሌላ ከሆነ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለ ግራጫ። ዎርድል ማለት ይኸው ነው። ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ብሩክሊን ሆኖ የቃላት ጨዋታ ለምትወደው ፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ ብሎ ነው የሠራው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 2021 የተጫወቱት 90 ሰዎች ነበሩ። ሁለት ወር ቆይቶ ቁጥሩ ከ300,000 አለፈ። በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው።

እኔ የምጫወተው ቨርጂኒያ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋር ነው። ቃሉ የሚቀየረው በየአገሩ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ሆኜ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት እቀድማታለሁ። ስለዚህ አፌን መያዝ አለብኝ። በቴሌግራም ባለቀለም ሳጥኖቹን ብቻ እልክላታለሁ። ሥራ በዝቶባት መደወል ሳይመቻት የምትቀርባቸው ሳምንታት አሉ። ሳጥኖቹ ግን ይመጣሉ። ደህና መሆኗን በዚያ አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ፍለጋውን ነው። ተማሪ ሳለን ስፔሊንግ የምንሸመድደው ቃል በቃል ነበር። ፊደል ከፊደል ጋር እንዴት እንደሚኗኗር የነገረን አልነበረም። አሁን አምስቱን ሳጥን እያየሁ ሳስብ፣ እንግሊዝኛ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ እንዳልሆነ ይታየኛል። ሲ እና ኬ ተጣምረው ቃል ይዘጋሉ እንጂ አይከፍቱም። በቪ የሚያልቅ ቃል ብርቅ ነው፤ ኋላው ላይ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ኢ ትከተለዋለች። ኪው ከመጣ ከጥቂት ቃላት በቀር ዩ አለች። ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ አረንጓዴ ፊደል ሲያገኝ ጎረቤቱንም ግማሽ በግማሽ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ቀድሞ የገባው ሰው አልፍሬድ በትስ ይመስለኛል። አርክቴክት ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አጥቶ ሳለ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መቁጠር ያዘ። ከዚያ ቆጠራ ስክራብል የተባለው፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ተወለደ። በጨዋታው ካሉት 100 ጠጠሮች 12ቱ ኢ ናቸው። ኪው አንድ ብቻ ናት፤ ዋጋዋም 10 ነጥብ ነው። ኤስ 4 ብቻ የሆነችው በየቃሉ ጫፍ እየለጠፉ ብዙ ቁጥር መሥራት እንዳይቀል ነው። ኪው እጃቸው ላይ ገብታ ዩ ያጡ ተጫዋቾች ከሚጠሯቸው ባለ ሦስት ፊደል ቃላት አንዱ ምን እንደሆነ ሳውቅ ተገረምኩ። ኪው፣ ኤ፣ ቲ። የኛው ጫት! ጤፍና ብርም የስክራብል መዝገብ ውስጥ አሉ።

ወደ አምስቱ ሳጥን ልመለስ። ተጫዋቹን ሁሉ የሚያስለቅስ አንድ ወጥመድ አለ። ከሁለተኛው ሳጥን ጀምሮ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ አረንጓዴ ሆነው ተሰልፈዋል እንበል። የቀረው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። አለቀለት ያሰኛል። ግን ቆጠር ቆጠር ሲያደርጉት ኤይት፣ ፋይት፣ ላይት፣ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት አሉ። ስምንት ቃል፣ የቀረው ሙከራ ምናልባት አራት። ተራ በተራ የሞከረ ሰው ገደል መግባቱ ነው።

መውጫው መልስ ሊሆን የማይችል ቃል መጻፍ ነው። ይሄ መጀመሪያ ሲሉት አይዋጥም። ለምሳሌ ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ አር፣ ኤን ብዬ ለርን የሚለውን እጽፋለሁ። ላይት፣ ኤይት፣ ራይት እና ናይት በአንድ ጊዜ ተፈተኑ። ከአራቱ የአንዱ መነሻ ፊደል ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። አራቱም ግራጫ ከሆኑ ፎርምስ እላለሁ፤ ኤፍ፣ ኤም እና ኤስ በውስጡ አሉ። እነሱም ከሌሉ ከስምንቱ ታይት ብቻ ቀረ። በሁለት ሙከራ ስምንቱን ማጣራት ተቻለ፤ በሦስተኛው መልሱ እርግጥ ነው። እህቴ ይህን ስነግራት ስልክ ላይ እልል አለች።

የቃሉን ርዝመትና የታወቁትን ፊደላት ሲያስገቡላቸው ሙሉ ዝርዝር የሚያወጡ መፈለጊያዎች አሉ። በጨዋታው መሃል አልነካቸውም፤ ፍለጋውን ይወስዱብኛል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ያንኑ የሳጥን አሰላለፍ አስገብቼ ጭራሽ ያላሰብኩትን ቃል አነባለሁ። ዋይት የሚባል፣ በደብልዩ የሚጀምር፣ ሰው ማለት የሆነ የጥንት ቃል መኖሩን ያወቅሁት እንዲያ ነው።

ሰሞኑን ይህንኑ በአማርኛ በወረቀት መሞከር ጀምረናል። ባለ ሦስት ፊደል ቃል ለእንግሊዝኛ አጭር ነው፤ ለእኛ ግን ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። የተደበቀው ሰላም ቢሆንና እኔ ስልክ ብል፣ ስ እና ል በየቦታቸው ቤተሰባቸው ልክ ነው፤ መልካቸው ግን ሌላ። ግራጫ ማለት ግፍ ነው፣ አረንጓዴም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰማያዊ ጨመርን። ፊደሉ ቦታው ላይ ሆኖ ከሰባቱ ቤት የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ሰማያዊ ይቀባል። ሲጫወቱት በጣም ደስ ይላል።

ያልተስማማነው በሞክሼዎቹ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ ባይ ነኝ፤ ያለዚያ ፍለጋው ማለቂያ የለውም። እህቴ ግን በፍጹም አትለኝም፤ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ካልተጻፈ ሳጥኑ ግራጫ ይቀባል ብላ ድርቅ ብላለች። እስክንስማማ ድረስ ሞክሼ ፊደል ያለበት ቃል ላንደብቅ ተባብለናል።