ጨዋ ቡድን ጎል ይቆጠርበታል

ዘንድሮ በእግሬ ካሻሻልኩት በአፌ ያሻሻልኩት ይበልጣል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ቡድን፣ የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ። ልጆቹ ጸሎተኞች ናቸው። ቅኖች ናቸው። ችግራችንም የሚመነጨው ከዚያው ነበር። ሁላችንም ከመጠን በላይ ጨዋ ነን። ኳስ ያበላሸውን «አይዞህ» እንለዋለን። ቦታውን ለቆ የሄደውን «ምንም አይደል» እንለዋለን። ጎል ሲቆጠርብን አንገታችንን ደፍተን ኳሷን ወደ መሐል እንመልሳለን። ማንም ማንንም ደፍሮ አይናገርም። እኔም በይሉኝታ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዕድሜ የሚበልጠኝን አምበላችንን በስሙ ጠርቼ «ተመለስ!» ብዬ መጮህ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከአገር ቤት መጥታችሁ እንደኔ ዓይነት ቡድን ውስጥ ለገባችሁ፣ ወይም ልትገቡ ላሰባችሁ ነው። ኳሱን ታውቁታላችሁ። የሚከብደው ሌላው ነው።

መጀመሪያ ስለ ሲዝኑ ትንሽ ልበል። አጭር ነው። ልምምድ ኦገስት ላይ ይጀመራል፣ ኖቬምበር ላይ አብዛኛው ቡድን ጨርሷል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ የተለመደ ነው። በመሐል ክፍል አለ፣ ፈተና አለ፣ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አለ። ቀስ ብሎ መላመድ የሚባል ነገር የለም። የክርስቲያን ኮሌጆች የሚጫወቱት በተለያየ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር ነው። ከፊሉ በኤንሲኤኤ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ከፊሉ በኤንኤአይኤ ነው። የራሳቸው የሆነው ኤንሲሲኤኤም ከ1968 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ሦስተኛው ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። እዚያ በዝናብ የሚሮጠው ልጅ ወይ ኳስ ይወዳል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይወዳል።

«ክርስቲያን ቡድን ለስላሳ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ መልስ አለኝ። ፔንስልቬንያ ያለው መሳያ ዩኒቨርሲቲ፣ ገና መሳያ ኮሌጅ ሲባል፣ ከ2000 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የሦስተኛ ዲቪዚዮንን የወንዶች ዋንጫ 11 ጊዜ ወስዷል። ኢሊኖይ ያለው ዊተን ኮሌጅም በ1984 እና በ1997 አንሥቶታል። «ምንም አይደል» እየተባባሉ እዚያ የደረሱ አይመስለኝም።

የእኛ ነገር መለወጥ የጀመረው በአንድ የኦገስት ልምምድ ላይ ነው። አሰልጣኛችን ለሁለት ከፈለንና «ዛሬ አፉን የከፈተ ከሜዳ ይወጣል» አለ። ዝም ብለን ተጫወትን። አማካዮቻችን ከጀርባ በሚመጣ ሰው ተገጩ። ለአንድ ኳስ ሁለት ሰው ዘለለ። በረኛው እጁን እያወናጨፈ ሊያብድ ደረሰ። ሲያልቅ ቁጭ አድርጎ አንድ በአንድ ጠየቀን። «ምን መስማት ፈልገህ ነበር?» ሁሉም መልስ ነበረው። «ከኋላህ ሰው አለ የሚለኝ።» «ጊዜ አለህ የሚለኝ።» «ኳሷ የኔ ናት፣ ተወው የሚለኝ።» ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ። «በትናንቱ ልምምድስ ይህን ማን ነገረህ?»

ማንም አልመለሰም። ትናንትም ዝም ብለን ነበር የተጫወትነው፤ ልዩነቱ ትናንት ማንም አልከለከለንም።

ከዚያ ወዲህ መናገርን እንደ ፓስ እለማመደዋለሁ። ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ኳሷ ከመድረሷ በፊት የተነገረ መረጃ ነው፣ ካለፈች በኋላ የተነገረ ወቀሳ ነው። ጓደኛህ የሚቀየመው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ቶሎ መናገር፣ መጀመሪያ ስሙን መጥራት፣ ከዚያ አንድ ቃል። ዓረፍተ ነገር አይሆንም። «እባክህ» አይገባም። እዚህ የተለመዱት «ማን ኦን» (ሰው መጣብህ)፣ «ታይም» (ጊዜ አለህ)፣ «ድሮፕ» (ወደ ኋላ) ናቸው። እኔ ግን ሲጨንቀኝ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። የተከላካይ መስመሩ ወደ ፊት እንዲወጣ ስፈልግ «ውጣ! ውጣ!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። መሐል ተከላካዮቹ ለመዱት። አሁን እነሱም «ውጣ!» ይላሉ፣ ተጋጣሚ ምን እንደሚባል አይገባውም። ያልታሰበ ጥቅም!

አምበሉን በስሙ ጠርቼ የጮህኩበት ቀን ዞር ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝና ተመለሰ። በቃ። ያን ያህል ጊዜ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዶርም አብሮኝ የሚያድረው ልጅ የሚጫወተው በእኔ ቦታ ነው። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሐላችን የነበረው ትሕትና አድካሚ ነበር። እሱ ቋሚ ሲሆን «ይገባሃል» እለዋለሁ። እኔ ስሆን «ይገባሃል» ይለኛል። መብራት ካጠፋን በኋላ ሁለታችንም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን።

አንድ ማታ እሱ ጀመረው። «እውነቱን ልንገርህ? ዛሬ ኳስ ስትነጠቅ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ» አለ። እኔ ሳቄ መጣ፣ የልቤን ነበር የተናገረው። ጓደኛ የሆንነው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መከባበር ነው፣ እሱም ግማሹ ትወና።

ከዚያ በኋላ የጨዋታዎቻችንን ቪዲዮ አብረን ማየት ጀመርን። እሱ እያቆመ የእኔን ያሳየኛል፣ እኔም የእሱን። አጥቂው ኳስ ሳይነካ ቸኩዬ እንደምገባ ያየልኝ እሱ ነው። አሰልጣኙ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር፣ ግን ከተፎካካሪዬ አፍ ሲመጣ ሌላ ክብደት አለው። ሊጠቅመኝ ብሎ ራሱን እየጎዳ ነውና። እኔ ደግሞ ከጀርባው ዞር ብሎ እንደማያይ ነገርኩት።

እዚህ ላይ የቅያሪው ሕግ ይገባል። በኤንሲኤኤ ቅያሪ እንደ ፕሮፌሽናሉ ኳስ በአምስት ሰው አይገደብም። በመጀመሪያው አጋማሽ ከወጣህ በዚያው አጋማሽ አትመለስም። በሁለተኛው ግን ወጥተህ አንድ ጊዜ መግባት ትችላለህ (ጉዳትና ካርድ የራሳቸው ደንብ አላቸው)። ስለዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ሰው ዛሬ እንደሚገባ ያውቃል። እኔና ዶርሜ በአንድ ጨዋታ የምንቀያየርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልማድ አድርገነዋል፦ የሚወጣው መስመሩ ላይ ቆም ብሎ ሁለት ነገር ይነግራል። «ሰባት ቁጥር ወደ ውስጥ ነው የሚቆርጠው። ግራ እግሩን ዝጋበት።» እጅ መምታት ብቻ አይበቃም። ስትቀየር ተናደህ ልትወጣ ትችላለህ፣ ግን ይህን ለመናገር ስትል ንዴትህን ለትንሽ ሰከንድ መዋጥ አለብህ። እየለመድኩት ስሄድ ከወጣሁ በኋላም ጨዋታውን መከታተል ጀመርኩ። ድሮ ፎጣ ተከናንቤ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ከተጠባባቂዎቹ መሐል አንድ ሲኒየር፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ አለን። ደቂቃ ብዙ አያገኝም። የተጋጣሚን ማዕዘን ምት ግን እሱን የሚያክል አንባቢ የለም። ማን ወደ ቅርቡ ቋሚ እንደሚሮጥ፣ ማን በረኛውን ለመዝጋት እንደሚቆም ቀድሞ ይነግረናል። ይህ ልጅ በስታቲስቲክስ ገጹ ላይ ባዶ ነው። ያዳነውን ጎል የሚቆጥርለት የለም፣ እኛ ግን እናውቃለን።

ስለ ጸሎቱ ደግሞ። አምበላችን ሲዝኑ መሐል ላይ አንድ ደንብ አመጣ። መባህን ከማቅረብህ በፊት ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ትምህርት እንዳለ ወሰደው። ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን ስንቆም ጠብ ያላቸው ካሉ ወጥተው ጨርሰው ይመጣሉ፣ ቀሪው ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀን ሊያስቀን ምንም አልቀረውም። ሁለት አማካዮች አውቶቡሱ ጀርባ ሄዱ፣ እኛ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ቆምን። ሲመለሱ አልተቃቀፉም። አንደኛው «ጨርሰናል» አለ። ተጸለየ።

ይህ ደንብ ጸሎታችንን አሳጠረው። ከዚያ በፊት «ጌታ ሆይ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ኋላም መሮጥ እንድንችል እርዳን» ዓይነት ልመና ይበዛ ነበር። ዓይን ጨፍኖ መወጋጋት ነው። የክርስቲያን ቡድን ያለበት ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ተጋጣሚያችንም የክርስቲያን ኮሌጅ ሲሆን ከጨዋታ በኋላ መሐል ሜዳ ላይ አብረን ክብ እንሠራለን። የቁርጭምጭሚትህን ቆዳ የላጠው ልጅ ትከሻህን ይዞ ይባርክሃል። መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፣ ትለምዱታላችሁ።

አንድ የጎን ጨዋታ፦ ብረት ብረትን ይስላል የሚለው የምሳሌ 27፥17 ነገር በክርስቲያን ስፖርት ቡድን ቲሸርት ላይ ተወዳጅ ነው። የእኛም ላይ አለ። ኦገስት ላይ ስለብሰው ስለ መረዳዳት የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቢላዋና ሞረድ ሲፋጩ የሚያወጡት ድምፅ ትዝ ይለኛል።

ያልተፈታልን ነገር አለ። በረኛችን እጁ ግሩም ነው፣ ድምፁ ግን አይሰማም። በማዕዘን ምት ጊዜ «የኔ!» ሲል እኔ ቅርቡ ቋሚ ላይ ሆኜ እንኳ አልሰማውም። ጮክ በል ማለት አልሠራም፤ ተፈጥሮው ነው። አሁን የምንሞክረው ኳሷ ከመመታቷ በፊት እንዲወስን ነው፦ ለመውጣት ካሰበ መሐል ተከላካዩን በእጁ ይነካዋል፣ ተከላካዩ በእሱ ፈንታ ይጮሃል። በልምምድ ላይ ጥሩ ሄዷል። ኳሷ ስትጠመዝዝ ግን በረኛው ሐሳቡን ይለውጣል፣ የተከላካዩ ጩኸት ደግሞ ወጥቷል። ያኔ ሁለት ሰው ይጋጫል።

ሲኒየሮቹ ሜይ ላይ ይመረቃሉ፣ አምበሉም ከእነሱ አንዱ ነው። ኦገስት ላይ የሚመጡት አዲሶቹ ልጆች እንደኛው ጨዋ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ዶርሜና እኔ የዝምታውን ልምምድ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያሠራቸው አሰልጣኙን ጠይቀናል፣ እሺ ብሏል። የበረኛውን ነገር ግን እስካሁን መላ አላገኘንለትም። ድምፁ ዝቅ ያለ በረኛ ይዛችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ በማዕዘን ምት ላይ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩን።