ጣና በሞላበት ወር ገንዳ አታራግፉ

የቤተሰባችን እንግዳ ማረፊያ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ጥግ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው መዋኛ ገንዳ በዕድሜ ይበልጠኛል። አምና ውሃው መጉደል ሲያበዛ ሁሉም «አፍርሰሽ እንደ አዲስ አሠሪው» አለኝ። አላፈረስኩም። ቧንቧው ተጠግኖ ዛሬም ይሠራል። ኪሴን ያራቆተው ቧንቧው ሳይሆን አንድ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ በባልዲ ለኩ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሙሉት፣ የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡት፣ የውስጡንና የውጩን ውሃ ልክ አስምሩ። በማግስቱ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይ ነው። የውጩ ከባሰ ያፈሳል። ዝናብ የጣለ ዕለት አትሞክሩት፤ ክረምት ቀዳዳ ይደብቃል። ቀጥሎ ፓምፑን አንድ ቀን አብርታችሁ፣ አንድ ቀን አጥፍታችሁ ለኩ። ሲበራ ከባሰበት የሚያፈሰው ውሃውን ወደ ገንዳ የሚመልሰው መስመር ነው። የእኛ እንደዚያ ነበር።

መስመሩን በሁለቱም ጫፍ ደፍነን በውሃ ግፊት ሞከርነው። በአየር የሚሞክሩ አሉ፤ መድፈኛው ከተስፈነጠረ ዓይን ያጠፋል፣ ይቅርባችሁ። ቆፍረን ያገኘነው የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጎሚቶ፣ የቧንቧው መታጠፊያ ነው። ድሮ የጠገነው ሰው የብረቱን ጥርስ በቃጫ ጠቅልሎ ፕላስቲኩ ውስጥ አጥብቆታል። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። መረሬውም፣ ጥቁሩ አፈር፣ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቧንቧውን ሲገፋና ሲጎትት ይኖራል። ፕላስቲኩን ወንድ (የሚገባው)፣ ብረቱን ሴት (የሚቀበለው) አድርጉ፤ ቴፍሎን ብቻ ጠቅልሉ። ኮላው ሳይደርቅ ፓምፕ አታስነሡ።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ወሩ ግን መስከረም ነው፤ የፈቃድ እድሳት ሰሞን። ተቆጣጣሪው መጣ፣ የተቆፈረውን አየ፣ «ገንዳው ተራግፎ ወለሉ ይታይ» ብሎ ጻፈ።

መስከረም ላይ ጣና ከዓመቱ ሁሉ ይሞላል። የሐይቁ ዳር መሬትም አብሮት ይጠጣል። ባዶ ገንዳ እንዲህ ያለ መሬት ውስጥ ታንኳ ነው፤ ልንሳፈፍ ይላል። ከገንዳው ጎን ጉድጓድ አስቆፍሬ አሳየሁት። ከመሬቱ ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ውሃ ተኝቷል። «እህቴ፣ ይሄ የዝናብ ውሃ ነው» አለኝ። ይሁን፣ የዝናብ ነው! የዝናብ ውሃ አይገፋም እንዴ?

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁለት። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ይገፋል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቤቶን ክብደቱ በካሬ ሜትር 360 ኪሎ ገደማ ነው። የኛ ጥልቁ ቦታ 2 ሜትር ነው፤ የመሬቱ ውሃ ከ60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጀምር ባዶውን ወለል ከሥር 1.4 ቶን ገደማ ይገፋዋል። ሰውየው ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰልኝ። «መመሪያው ይራገፍ ነው የሚለው።»

ቧንቧ ሠራተኛው ጎተት አድርጎ «እትዬ፣ ቢቀርብዎት ይሻላል» አለኝ። ግን ያለ ፈቃድ እንግዳ አይገባም። ተከራክሬ ተከራክሬ፣ ግማሹን ብቻ ለማጉደል ተስማማን። የዚያን ሌሊት ዶፍ ጣለ።

ጧት ጥልቁ ጋ ሴራሚኩ ከወለሉ ተላቆ ተነሥቷል። በስንጥቁ ጭቃማ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይንቆረቆራል። ገንዳው ማፍሰሱን ትቶ መሙላት ጀምሯል ማለት ነው! ወዲያው ውሃ ለቀንበት፤ የመሬቱን ግፊት የሚመልሰው ከላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ያየውን እንደገና ጻፈ፦ «ወለሉ ጉዳት አለበት።» ደሜ ፈላ።

ስለዚህ መመሪያ ያለው ይበል፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሐይቁ ዳር ያለ ገንዳ አይራገፍ። ቧንቧ ውሃው እያለም ይፈተሻል። ማራገፍ የግድ ከሆነ ግንቦት መጨረሻ፣ ጣና ሲወርድ ይሁን፤ ያኔም ጉድጓድ ቆፍራችሁ የመሬቱን ውሃ ሳታዩ እንዳትጀምሩ። እኛም ወለሉን የጠገንነው ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው። ጥልቁ ላይ ከሥር ግፊት ሲመጣበት ራሱ የሚከፈት ቫልቭ አስገጥሜያለሁ። ፈቃዱ ታድሷል። የድሮው ሴራሚክ ቀለም ገበያ ላይ ስለጠፋ ጥልቁ ቦታ አሁን ዥጉርጉር ነው፤ ወጪውን የሚጋራኝም አልተገኘም።