ባልሳምሩትን ከዘር ማብቀል፦ ሥሩን ያወቀ ያበቅለዋል

ባልሳምሩት በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ የሚበቅል፣ የሱፍ አበባ ዘመድ የሆነ የዱር አበባ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ኮረብታውን ቢጫ ያለብሰዋል። ቅጠሉ የቀስት ጫፍ ይመስላል፤ ነጣ ያለ ለስላሳ ጸጉርም አለው። ዋይቲያ ከሚባል፣ እሱን ከሚመስል ዘመዱ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። የአንዳንዱ ዋይቲያ ቅጠል ግን የሚያብረቀርቅና ጸጉር አልባ ነው፤ አገዳው ላይም ደህና ትልልቅ ቅጠሎች ይወጣሉ።

ዋናው ነገር ከመሬት በታች ነው። የጎለመሰ ተክል ወፍራም ሥር ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል። ድርቅን የሚችለው፣ እሳት ካለፈበት በኋላም መልሶ የሚያቆጠቁጠው በዚህ ሥር ነው። ከዱር ነቅሎ መትከል የማይሳካውም ለዚሁ ነው፤ አካፋ ሲገባ ሥሩ ይቆረጣል፣ ተክሉም ይሞታል። እባካችሁ አትንቀሉት።

ዘሩ የሚለቀመው አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ነው። አንዳንዱን በጥፍር ጫን ብላችሁ ሞክሩት፦ ከተጨፈለቀ ባዶ ነው፣ ወይም ተባይ በልቶታል። ጥሩውን ዘር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀላቅሎ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፍሪጅ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል። ይህን ብርድ ካላገኘ አይነቃም። አሸዋው በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል፤ ዘሩ ይሻግታል። ከስምንተኛው ሳምንት ወዲህ በየጊዜው እዩት፤ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ሥር ማውጣት ሊጀምር ይችላል። ያወጣው ሥሩ ሳይሰበር ወዲያው ይተከል።

ክረምቱ ቀዝቃዛ የሆነበት አገር ያለ ሰው ግን ፍሪጁን ይተወውና በመከር ወራት ደጅ ይዝራው። ይሄኛው ይሻላል፤ ብርዱም እርጥበቱም በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ሥሩም ከመጀመሪያው በቦታው ይወርዳል። ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። አይጥ እንዳይለቅመው በላዩ ወንፊት ሽቦ ይደረግ። መሬቱ ጠጠራማና ውሃ የማይቋጥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን።

በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ እሱም ይደርቃል። ብዙ ሰው ችግኙን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ ሞተ ብሎ ይነቅለዋል፣ ወይም ደንግጦ ውሃ ያበዛበትና ያበሰብሰዋል። አልሞተም፤ ሥሩ ተኝቷል። ውሃ ቀንሱለት፣ ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጉበት፣ በጸደይ ጠብቁት። አበባ ከ3 ዓመት በፊት አይጠበቅም፤ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው።