ጋማን የሚፈልግ የለም

ቺፕ በሚመረትበት ክፍል ብረት (አይረን) የተረገመ ነው። ኢምንት እንኳ ሲሊከን ውስጥ ሾልኮ ከገባ ኤሌክትሮን እያጠመደ ሥራ ያበላሻል፤ ሲሞቅ ደግሞ ክሪስታሉን ከዳር እስከ ዳር ይዞረዋል። እኛ ግን ሲሊከኑ ውስጥ የብረትና የሲሊከን ውሁድ ለመፍጠር ሆን ብለን፣ ያውም በገፍ እንጨምረዋለን፤ በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሺህ ትሪሊዮን አቶም።

ቁጥሩ ሲጠሩት ያስደነግጣል እንጂ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ማይክሮ አምፔር ለሚያደርስ የአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ አቶም) ጨረር የ27 ደቂቃ ሥራ ነው። በ200 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የተተኮሰው ብረት በአማካይ 200 ናኖሜትር እንኳ ሳይጠልቅ ይቆማል። ሲሊከኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ድብደባው የአቶሞቹን አደራደር ያፈርሰዋል። ስለዚህ እየተመታ ራሱን እንዲጠግን ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል።

ይህ ሁሉ ድካም ቤታ ለተባለ ክሪስታል ሲባል ነው። አንድ ብረት ከሁለት ሲሊከን ጋር ሲጣመር የሚወጣው ክሪስታል አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከ940 ዲግሪ ገደማ በላይ እንደ ማንኛውም ብረታ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው አልፋ ይገኛል፣ ከዚያ በታች የሚረጋው ቤታ ነው። ቤታ ሰሚኮንዳክተር (ከፊል አስተላላፊ) ነው፣ የኃይል ክፍተቱም፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ነፃ ለመሆን መዝለል ያለበት እርከን፣ 0.85 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ ፋይበር ኦፕቲክ የሚወደውን የ1.5 ማይክሮሜትር ብርሃን ተስፋ ያስደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠርተው አሳዩ። ጥርጣሬው የመጣው ኋላ ነው። በአዮን የተጎዳ ሲሊከን ውስጥ የሚቀሩት የአደራደር መዛነፎች ራሳቸው በ0.81 ኤሌክትሮን ቮልት ያበራሉ፤ ያንን ብርሃን ከቤታው ለይቶ ማየት ራስ ምታት ነው። ብረት የሌለበት፣ በሲሊከን አዮን ብቻ የተደበደበ ማነጻጸሪያ ከጎኑ ሳይኖር "ያበራው ቤታ ነው" የሚል ግራፍ ሳይ ገጹን እገልጣለሁ።

የኔ ልብ ያለው ጋማ በተባለው ሦስተኛው ዓይነት ላይ ነው። ለምንም አይጠቅምም፤ እንደ ብረታ ብረት አስተላላፊ ነው፣ ብርሃን አይሰጥም፣ ሲያሞቁትም አይቆይም። ብቻውን በትልቁ አንጥረው ሊያገኙት አይችሉም። ሲሊከን ውስጥ ሲሆን ግን ይኖራል፣ ምክንያቱም ኩብ ነው፣ የኩቡም ጎን ከሲሊከኑ 0.543 ናኖሜትር እምብዛም አይለይም። እንደ ብልህ እንግዳ የባለቤቱን ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ቅንጣቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ወሳኙ ከውስጡ ይልቅ ወሰኑ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ልክክ ማለቱ ትርፍ ኃይል ያድንለታል። ቅንጣቱ ሲያድግ ሒሳቡ ይገለበጣል። ኩቡ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሮኖች ምቾት በሌለው የኃይል እርከን ላይ ታጭቀው ስለሚገኙ ክሪስታሉ ይጣመማል፣ በመጣመሙም ክፍተት ይከፈትና 48 አቶም በአንድ ክፍል የያዘው ቤታ ይወለዳል። አስተላላፊ የነበረው ሰሚኮንዳክተር ሆነ ማለት ነው፣ አንድም አቶም ሳይጨመር።

ጋማን ለማግኘት ደስ የሚለኝ ሌላ መንገድ አለ። ብረት ያለበትን ሲሊከን መጀመሪያ አደራደሩን ማፍረስ፣ ከዚያ 320 ዲግሪ አካባቢ ላይ በሌላ አዮን መምታት። በዚያ ሙቀት ብቻውን የማይንቀሳቀሰው፣ ያልፈረሰውን ክሪስታል ከፈረሰው የሚለየው ድንበር በጨረሩ ግፊት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሲሄድም ብረቱን በራሱ አደራደር ውስጥ እየቀበረው ያልፋል። ሁለተኛው ጨረር ለክሪስታሉ የሚያመጣለት ቁስ የለም፤ የሚሰጠው ንቅናቄ ነው።

ችግሩ ማየቱ ነው። ኤክስሬይ ላይ የጋማ መስመሮች ከሲሊከኑ ጋር ይደራረባሉ። አሁን የማስበው በሞስባወር ነው፤ የብረት አስኳሎች ጨረር ሲውጡ የሚታየው መስመር ዙሪያቸው ምን እንደሚመስል የሚናገርበት ዘዴ ነው። በጋማ ውስጥ እያንዳንዱ ብረት በስምንት ሲሊከን የተሠራ እኩል ኩብ መሃል ስለሚቀመጥ አንድ ነጠላ መስመር ይሰጣል፤ በቤታ ውስጥ ኩቡ ስለተጣመመ፣ የብረቱም መቀመጫ ሁለት ዓይነት ስለሆነ መስመሩ ይከፈላል። ለዚህ የሚያገለግለው ግን ክብደቱ 57 የሆነው ብረት ነው፣ እሱ ደግሞ ከተፈጥሮ ብረት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጨረሩን ከተራ ብረት ለይቼ ላውጣ ብል የጨረሩ መጠን ክብደቱ 56 ከሆነው ዋናው ብረት 43 ጊዜ ያህል ያንሳል፣ ማሽኑን ለ20 ሰዓት ያህል ልይዘው ነው። ማንም አይሰጠኝም። ስለዚህ አብዛኛውን በ56 ሞልቼ የመጨረሻውን ጥቂት ብቻ በ57 ለመጨረስ አስቤያለሁ፤ መስመሩ ደብዛዛ ይሆናል፣ ነጠላ ወይም የተከፈለ መሆኑን ለመለየት ግን ይበቃል።