የ1777ቱን ቀይ ኮት አጥንቼ የሰፋሁበት መንገድ

«የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር ልብስ» ተብሎ ጥናት አይጀመርም፤ ኮቱ በየጊዜው ተለዋውጧል። እኔ የያዝኩት አንድ ሬጅመንት (የጦር ክፍል)፣ አንድ ዓመትና አንድ ዘመቻ ነው፦ 9ኛው እግረኛ ሬጅመንት፣ እ.ኤ.አ. 1777፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በእንግሊዛዊው ጄኔራል በርጎይን መሪነት ከካናዳ ተነስቶ ኒው ዮርክ ውስጥ ሳራቶጋ ላይ እጁን የሰጠው ጦር።

መነሻዬ የ1768ቱ የንጉሡ የአልባሳት ድንጋጌ ነበር። ልኩን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጣል። የደረቱ እጥፋት ከላይም ከታችም እኩል 3 ኢንች (7.6 ሴንቲ ሜትር) ይሆናል፤ የእጅጌው ቅልብስ 3 ኢንች ተኩል። የኪሱ ክዳን ከኮቱ ጋር ተሰፍቶ ይዘጋና እውነተኛው ኪስ ከውስጥ፣ ገበሩ ላይ ይቀደዳል። በ9ኛው ሬጅመንት እጥፋቱና ቅልብሱ ቢጫ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳውን የሚዞረው ነጭ ጥብጣብ ሁለት ጥቁር መስመር አለበት። የተራ ወታደሩ ቁልፍ ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ሲሆን የሬጅመንቱ ቁጥር ተቀርጾበታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ድንጋጌ ሊለበስ የሚገባውን እንጂ የተለበሰውን አይነግርም። ለበርጎይን ጦር አዲሱ የዓመት ልብስ በጊዜው ስላልደረሰ የአሮጌው ኮት ጅራት ተቆርጦ ኮቱ አጭር ጃኬት ሆነ፣ ቁራጩ ለመጣፊያ ዋለ፤ ባርኔጣውም ጠርዙ ተቆርጦ ቆብ ወጣው። ይህን የሚናገሩት የዕለት ትእዛዝ መዝገቦችና የመኮንኖች ጽሑፎች ናቸው። ለሌላ ሬጅመንት ደግሞ የከዱ ወታደሮችን ለማስያዝ በጋዜጣ የወጡ ማስታወቂያዎች እጅግ ይጠቅማሉ፤ ሰውየው በጠፋበት ቀን ምን ለብሶ እንደነበር ይዘረዝራሉና። ሥዕል ሲታይ ቀኑ ይቅደም። የሠዓሊው ዴቪድ ሞሪየር የግሬናዲየር (የተመረጡ እግረኛ ወታደሮች) ሥዕሎች በጣም ያማሩ ናቸው፣ ነገር ግን የ1750ዎቹ ናቸው፤ እዚያ የሚታየው የጨርቅ ቆብ በ1768 በድብ ጠጉር ቆብ ተተክቷል። ሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስረጃዎች ያልተስማሙበትን ነገር አልሰፋም።

ቀለሙ ሌላ ወጥመድ ነው። ደማቁ ቀይ የመኮንን ነው፣ ከነፍሳት በሚወጣው የኮቺኒል ቀለም የተነከረ። የተራው ወታደር ግን ማደር በሚባል ተክል ሥር የተነከረና ወደ ጡብ የሚያደላ ነበር። ከስክሪን ላይ ቀለም አይመረጥም፤ ቁራጭ ናሙና አስልኮ በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል።

ጨርቁ በደንብ ተጠቅጥቆ የጠበቀ ንጹሕ ሱፍ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የዘመኑ ልብስ ሰፊ የኮቱን ጠርዝ ሳያጥፍ እንደተቆረጠ ይተወው ነበር። ናሙናውን በሹል መቀስ ቆርጬ ጠርዙን በጥፍሬ እፍቀዋለሁ። ክር ከተመዘዘ አይሆንም። ቀጥሎ አንድ ክር አቃጥላለሁ፦ ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል፤ ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ፖሊስተር አለበት። ይህ ለትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ኮቱ ተለብሶ ጠመንጃ ሲተኮስ የባሩድ ፍንጣሪ ካረፈበት ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በ150 ሴንቲ ሜትር ወርድ 2.5 ሜትር ቀይ፣ ግማሽ ሜትር ቢጫ፣ ለገበር 2 ሜትር ስስ ነጭ ሱፍ፣ ለእጅጌው ገበር 1 ሜትር ሊኖ (ከተልባ ግንድ የሚሠራ ጨርቅ) በቃኝ። ቁልፍ ወደ 40 ይገባል፤ ጥብጣቡ 10 ሜትር ይገዛ፣ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ብዙ ይበላል። ጥብጣቡንና ገበሩን ሳልቆርጥ በእንፋሎት ተኩሻቸዋለሁ። ይህ ከተዘለለ በመጀመሪያው ዝናብ ገበሩ ተኮማትሮ ኮቱን ይሰበስበዋል። ክሩ ሰም የተቀባ የሊኖ ክር ነው፣ በሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ስፌት።

ከሁሉ ጊዜ የወሰደው ልኩ ነው። የዚያ ዘመን ኮት ጀርባው ጠባብ ነው፣ የትከሻ ስፌቱ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ የብብቱም ቀዳዳ ትንሽና ከፍ ያለ ነው። የዛሬ ሰው ይመቸኝ ብሎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያኔ ክንዱን ባነሳ ቁጥር ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቼ፣ ለባሹን ሰደርያውን ከውስጥ አስለብሼ፣ ጠመንጃ አስይዤ የማጉረሱን እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሠራለሁ። ብብቱ ላይ የሚይዝ ከሆነ ከእጅጌው በኩል ይስተካከላል፣ ቀዳዳው ግን አይነካም።