ጉንጯ ውስጥ የተሰማው ድምፅ

ዛሬ እህቴን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ነርቭ ሐኪም ጋ ሄድን። በመኪና አደጋ የፊቷ ነርቭ ከተጎዳ 4 ወሩ።

ሐኪሙ የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ድምፅ ከሚቀይር ማሽን (ኢኤምጂ ይሉታል) ጋር የተያያዘ ቀጭን መርፌ ጉንጯ ላይ ሰካና "እስቲ ፈገግ ለማለት ሞክሪ" አላት። ፊቷ ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ግን ተንኮሻኮሸ፤ ልክ ጣቢያ እንደሳተ ሬዲዮ።

"ይሄውልሽ፣ ነርቩ ጡንቻው ጋ መድረስ ጀምሯል።"

ለካ በዓይን ከመታየቱ በፊት መርፌው ይደርስበታል። ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 1 ሚሊ ሜትር! እኛ ደግሞ በየቀኑ መስታወት ፊት እያቆምን "ምንም ለውጥ የለም" ስንላት ከረምን። አሁን ሳስበው ያመኛል። ስንቱ ይሆን ይህ ምርመራ መኖሩን ሳያውቅ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የተቀመጠው?

ታክሲ ውስጥ ጉንጯን በእጇ ይዛ፣ እስከ አራት ኪሎ "ድምፁን ሰማሽው አይደል?" አለችኝ። ደጋግማ።