ልጄ ስትረዝም ለምን እሰጋ ነበር?

የልጅ ቁመት ሲጨምር ወላጅ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ልጄ በረዘመች ቁጥር እሰጋ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዩኒፎርሟን ቀሚስ ስለካ ቅምቅማቱ በአንድ በኩል ከፍ አለብኝ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፤ ያው ነው። ጨርቁ ደህና ነበር። እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ እንድታጎነብስ ነገርኳት። የቀኝ ጀርባዋ ከግራው ጎላ ብሎ ታየኝ። ሐኪም ቤትም መጀመሪያ የሚያዩት እንዲሁ ነው። አከርካሪው ወደ ጎን ሲጎብጥ (ስኮሊዮሲስ ይሉታል) አብሮ ስለሚዞር የጎድን አጥንቱን ይገፋዋል። ቆማ የማይታየው ስታጎነብስ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሰፈር ምክር አያልቅበትም። አንዷ ቦርሳውን፣ ሌላዋ ጀሪካኑን ረገመች። ጠበል ወሰድናት፤ ዛሬም እንሄዳለን። ወጌሻው "አምጣት፣ በቅቤ አሽቼ እመልሰዋለሁ" ሲሉኝ ግን "አባ፣ ይሄ ውልቃት አይደለም" ብዬ በአክብሮት አለፍኩ። ቦርሳም ጀሪካንም ስኮሊዮሲስ አያመጡም። በጉርምስና የሚመጣው አብዛኛው መነሻው አይታወቅም፤ በዘር የመሄድ ነገር ግን አለው። አንድ ጤና ተቋም ደግሞ "ስታድግ ይስተካከላል" ብሎ መልሶን ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚብሰው ስታድግ ነው።

አከርካሪ አንዴ ከጎበጠ በውስጠኛው ወገን ጫና ይበዛል። የተጫነ አጥንት እድገቱ ይዘገያል፤ የውጭኛው እንደ ልቡ ያድጋል። አጥንቶቹ ቀስ በቀስ የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛሉ። ያኔ ጉብጠቱ ይጨምራል፣ ጫናውም ይብሳል። አንዱን ጎን ሳብ አድርጋችሁ የሰፋችሁት ጨርቅ፣ ስፌቱ በረዘመ ቁጥር ወደዚያው እንደሚዞረው ነው። እድገት ሲቆም ይህ ዑደት አብሮ ይረግባል።

ባሕር ዳር የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቆማ ራጅ ተነሣች። ጉብጠቱ 22 ዲግሪ ሆነ። ከ10 ጀምሮ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ዶክተሩ ግን ራጁ ላይ ቶሎ ወደ ዳሌዋ አጥንት ዞረ። እዚያ ሪሰር የሚሉት ምልክት አለ፤ ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። የእሷ 0 ነበር፤ ገና ብዙ ታድጋለች ማለት ነው። ቀጥሎ "የወር አበባ አይታለች?" አለ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እናቷ "ገና ናት" አለች።

ጥያቄው ዋናው እሱ ኖሯል። ሴት ልጅ በጣም የምትረዝመው የወር አበባ ከማየቷ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ በዚያ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልትጨምር ትችላለች። ካየች በኋላ እድገቷ እየቀነሰ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ ጥናት 727 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ጉብጠታቸው ከ20 እስከ 29 ዲግሪ ሆኖ ሪሰራቸው 0 ወይም 1 ከነበሩት 68 በመቶዎቹ ብሶባቸዋል። ያው ዲግሪ ኖሯቸው ሪሰራቸው ከ2 እስከ 4 ከነበሩት ግን 23 በመቶ ብቻ። ስለዚህ "ስንት ዲግሪ ነው?" ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ "ስንት እድገት ቀርቷታል?" ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሜትሬ ሌላ ሥራ አገኘ። ቁመቷን በየወሩ፣ ሁልጊዜ ጠዋት መለካት ጀመርኩ። ሰው ማታ ማታ ትንሽ ያጥራል፤ ሰዓት ከተቀያየረ ልኬቱ ይዋሻል። ራጁንም በየጊዜው ስናስነሣ የድሮውን ፊልም ይዘን እንሄድ ነበር። እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ከአለካክ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ አንድ ሐኪም ይሻላል። በፍጥነት በረዘመችበት ወቅት ጉብጠቱ 29 ዲግሪ ደረሰ።

ብሬስ፣ ማለትም ወገብና ጀርባን አቅፎ የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ፣ ታዘዘላት። የዓባይን በረሃ አቋርጠን አዲስ አበባ በገላዋ ልክ አሠራን። ብሬስ አያቀናም፤ እድገቱ እስኪያልቅ ይዞ ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት 48 በመቶው ለቀዶ ሕክምና ከሚያሰጋው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን እንደጨረሱ አሳይቷል። በጥናቱ የታዘዘው በቀን 18 ሰዓት ነበር፤ ከ13 ሰዓት በላይ ያደረጉት ግን ዘጠና በመቶ ገደማ ተሳክቶላቸዋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ብሬሱን ስታወልቅ የምቆጣው ቁጣ ቀነሰ። "አባዬ፣ ለሠርጉ ብቻ ላውልቀው" ስትለኝ አውልቃ እስክስታዋን ትወርድ ነበር። ስፖርትም አልከለከልናትም።

ያስቸገረን ሙቀቱና መፋቁ ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። ከውስጥ የምትለብሰውን የጥጥ ካናቴራ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጬ ሰፋሁት፤ ዩኒፎርሟንም አሰፋሁ። ክፍል ውስጥ ማንም አላወቀባትም። ለእሷ ከዲግሪው ይበልጥ ያ ነበር ጉዳይዋ።

እድገቷ ሲቆም ራጁ 28 አለ። ብሬሱ ከታዘዘ ወዲህ አልቀናም፣ አልባሰም። ከ30 በታች የቀረ ጉብጠት በአዋቂነት ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ ከ50 ያለፈ ግን በዓመት 1 ዲግሪ ገደማ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። ጀርባው መሐል ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክሳት ወይም የእግር መድከም ካለ ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል፤ በኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም አለ። እንዲህ ሲሆን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ታናሽዋ 10 ዓመት ሞላት። በየጊዜው እንድታጎነብስ የምታደርጋት ታላቋ ናት። "አንቺ ደግሞ ዶክተር ሆንሽ!" እያለች ትነጫነጫለች፤ ግን ታጎነብሳለች።